ከቀሚስ ስፌት ወደ ባጃጅ ወንበር፦ ለጅማዋ ልብስ ሰፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ትኖራለች። ቤቷ ውስጥ በእግር በሚረገጥ የድሮ ሲንጀር ቀሚስ፣ ዩኒፎርምና መጋረጃ ትሰፋለች። ባለቤቷ ባጃጅ አለው። የወንበሩ ልብስ ተቀዷል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ስፖንጁ ውኃ ይጠጣል። «እኔው ልስፋው? ከለመድኩ በኋላስ የሰፈሩን ባጃጅና ሚኒባስ ወንበር ሠርቼ ገቢ ላገኝበት እችላለሁ? ያለኝ ሲንጀር ይበቃል ወይስ የወፍራም ዕቃ ስፌት መኪና ልግዛ? የሚያስተምረኝ ሰው የለም፤ ከየት ልጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ ስፊው። ገቢም ይሆንሻል። አዲስ የስፌት መኪና ግን አሁን እንዳትገዢ። ብሩን ያዢው። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ይህን ሙያ ጀምረው ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አብዛኞቹን ያስቆማቸው የመኪናቸው ድካም አይደለም።

የወንበር ልብስ የሚያምረውም የሚበላሸውም መርፌው ሌዘሩን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ቆዳውን፣ ከመንካቱ በፊት ነው። ልኩን ስትወስጂ፣ ምልክት ስታደርጊ፣ ስፖንጁን ስታስተካክዪ። እዚያ ላይ ከተጠነቀቅሽ ስፌቱ መስመር መከተል ብቻ ይሆናል። እዚያ ላይ ከቸኮልሽ ግን የቱንም ያህል ውድ መኪና ቢኖርሽ አያወጣሽም። መሸብሸቡ፣ መጣመሙ፣ ማዕዘኑ ላይ መሰብሰቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ልብስ ሰፊ መሆንሽ ትልቅ ነገር ነው። ክር መግጠም፣ መርፌ መቀየር፣ ጠርዝ ይዞ መስፋት ታውቂያለሽ። ሌላው ሰው ወራት የሚፈጅበትን አልፈሻል። ግን ከቀሚስ ይዘሻቸው የምትመጪው አንዳንድ ልማዶች እዚህ ጉድ ይሠሩሻል።

ለምሳሌ ስፒል። ጨርቅ ላይ ስፒል ገብቶ ሲወጣ ቀዳዳው ይከደናል። ሰው ሠራሽ ሌዘር ላይ አይከደንም። አንዴ የተወጋ ተወጋ ነው። ስለዚህ ድርቦቹን በስፒል ማያያዝ ይቅር። የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይበቃሻል። ስፒል ግድ ከሆነብሽም ከስፌቱ መስመር ውጪ፣ ትርፉ ላይ ብቻ ውጊ። መተርተርም እንደ ቀሚስ አይደለም። ተርትረሽ ከቀድሞው መስመር አንድ ሚሊ ሜትር አለፍ ብለሽ ብትሰፊ፣ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ጎን ለጎን ይቀራል። ሰው ሲቀመጥበት እንደ ቴምብር ተከትሎ ይቀደዳል።

የስፌት ርዝመትም እንደዚሁ ነው። ለቀሚስ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ለምደሻል። ለሌዘር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አድርጊው። የድሮው ሲንጀር ላይ የርዝመት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ብታወርጂው ወደ 4 ይጠጋል፤ እሱ ይሆናል። ብዙ ልብስ ሰፊ «ጠበቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ነው» ይላል። ጨርቅ ላይ እውነት ነው። ሌዘር ላይ ግን ቀዳዳው በተቀራረበ ቁጥር ዕቃው ራሱ ይደክማል። ጫፍ ላይ ወደ ኋላ መልሰሽ ስትቋጪም ሦስት ስፌት በቂ ነው፤ አትደጋግሚው።

ከሁሉም ትልቁ ልዩነት ልኩ ነው። ቀሚስ ስትሰፊ ለሰውነት መተንፈሻ ትተያለሽ። የወንበር ልብስ ተቃራኒው ነው። ስፖንጁ ከልብሱ ትንሽ ይበልጣል፤ ልብሱም ተወጥሮ ያፍነዋል። ልክ በልክ ከቆረጥሽ ዛሬ ያምራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይላላል። ለባጃጅ መቀመጫ ከጠቅላላ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማሳነስ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ስፖንጁን በእጅሽ እየተጫንሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ይጨመራል፣ ጠንካራ ከሆነ ይቀነሳል።

ወደ ሲንጀርሽ እንምጣ። የድሮው የእግር ሲንጀር አካሉም ውስጡም ብረት ነው። ቀላል የሆኑት ዘመናዊ የቤት ስፌት መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው የፕላስቲክ ማርሽ አለ፤ ወፍራም ዕቃ ሲሰጣቸው ጥርሱ ይበላል። ያንቺው ቀስ ብሎ መሄዱም ለጀማሪ ጥቅም ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራሽ አይቆምም። የእግሩ ቀበቶ ላልቶ ከሆነ ግን አሳጥሪው፤ ወፍራም ላይ ሲደርስ እየተንሸራተተ መኪናው የደከመ ይመስልሻል።

መርፌው 18 ቁጥር ይሁን። ፓኬቱ ላይ 110 ተብሎም ይጻፋል። ቀሚስ የምትሰፊበት 14 ቁጥር እዚህ ይጣመማል፤ ሲጣመም ደግሞ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን አያገኘውም፣ ስፌት ይዘላል። ሰው ስፌት ሲዘል ያየ እንደሆነ መኪናው ተበላሸ ብሎ ሜካኒክ ይጠራል። መጀመሪያ መርፌ ቀይሪ። «የቆዳ መርፌ» የሚባል ጫፉ ስለት የሆነ አለ። እሱ ለእውነተኛ ቆዳ ነው። ሰው ሠራሽ ሌዘር ላይ እየቆረጠ ስለሚሄድ ተራውን ክብ ጫፍ ተጠቀሚ።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር በጅማ እርጥበት ይበሰብሳል። ናይለን በጣም ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ግን እየቆየ ይጎዳዋል። ባጃጅ ደግሞ ጎኑ ክፍት ነው፤ ዝናብም ፀሐይም ያገኘዋል። የወንበር ክር ውፍረቱ በቁጥር ነው የሚጠራው። 69 የሚባለውን ሲንጀርሽ ይችለዋል። 92 እና 138 ወፍራሞቹ ናቸው። 92 በ20፣ 138 በ22 ቁጥር መርፌ ይሄዳል፤ እነሱን ለትልቁ የስፌት መኪና ተዪያቸው።

ሌላው የምትገረሚበት ነገር የሌዘሩ ፊት ከመኪናው እግር ጋር መጣበቁ ነው። ከታች ጥርሱ ይስባል፣ ከላይ እግሩ ይይዛል። የላይኛው ድርብ ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው ስስ ወረቀት ነው። ሌዘሩ ላይ ወረቀት አንጥፈሽ አብረሽ ስፊው፣ ከዚያ ገንጥለሽ ጣዪው። ሌዘሩን በእጅሽ አትጎትቺ። ስትጎትቺ መርፌው ይጎብጥና ሳህኑን ይመታል፣ ይሰበራል። እጅሽ ይምራ እንጂ አይሳብ። በአራት ድርብ ላይ ሲደርስ ከእግርሽ ይልቅ መሽከርከሪያውን በእጅ አዙሪ። ከዚያ በፊት ግን ወፍራሙን ቦታ ጣውላ ላይ አድርገሽ በመዶሻ ለስለስ አድርገሽ ምቺው። ድርቡ ይተኛል፣ መርፌውም ያልፋል። ይህን ትልልቅ መኪና ያላቸው ባለሙያዎችም ያደርጉታል።

ክሩ ከታች በኩል እየተንጠለጠለ ካስቸገረሽ ችግሩ ያለው ከላይ ነው፤ የላይኛው ክር ላልቷል ወይም ከማጥበቂያው ዲስክ መሃል አልገባም። ከላይ በኩል የታችኛው ክር ብቅ ብሎ ከታየ ደግሞ ላይኛው በዝቶ ጠብቋል። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ግን ክርና ዕቃ በቀየርሽ ቁጥር በቁራጭ ሌዘር ሞክሪ። ቁራጩ ሥራ ላይ የምታውዪውን ያህል ድርብ ይኑረው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። የባጃጁን መቀመጫ አውጪና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። መቀስ አታንሺ። መጀመሪያ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር። ከሥር ያለው በተለይ ይጠቅምሻል፤ የት የት እንደታጠፈና እንደተመታ በኋላ አታስታውሺውም።

ከዚያ በጠመኔ ወይም በነጭ እስክሪብቶ ስፌቶቹን እያቋረጥሽ አጫጭር መስመር አስምሪ። እያንዳንዱ መስመር ከአንዱ ቁራጭ ተነሥቶ ስፌቱን ተሻግሮ ሌላው ቁራጭ ላይ ይለፍ። በየ6 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይበቃል። ማዕዘን ላይ አቀራርቢው። የፊቱ መሃልና የኋላው መሃል ላይ ሁለት ሁለት መስመር አድርጊ፤ ከሌላው እንዲለይ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስሙን ጻፊ፦ «ላይ»፣ «ዙሪያ ፊት»፣ «ዙሪያ ግራ»። ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስትም ጨምሪ። ይሄ ሁሉ አሰልቺ ይመስላል። ግን ሲበታተን እያንዳንዱ ቁራጭ የት ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። ጎበዝ ሰፊ የምንለው ሰው እዚህ ላይ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ነው።

አሁን ክሩን በምላጭ ተርትሪ። አትቅደጂው። ቁራጮቹን ዘርግተሽ ጠፍጣፋ ነገር ጫኚባቸውና ይተኙ። ከዚያ ካርቶን ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን አስምሪ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ። አሮጌው ልብስ ሰው ሲቀመጥበት ከርሟል። ተለጥጧል፣ ሾፌሩ በሚወርድበት በኩል ተንጋዷል። እንዳለ ከገለበጥሽው አዲሱን ልብስ አርጅቶ እንዲወለድ አደረግሽው። ስለዚህ ካርቶኑን መሃል ለመሃል እጠፊው። ግራና ቀኙ ካልገጠመ፣ ያልተጎዳውን ጎን እውነተኛ አድርጊና ሌላውን በእሱ ቁረጪ። ቀጥ ማለት ያለበትን በማስመሪያ አቅኚው። የአሮጌው ቁራጭ ጠርዝ ላይ የስፌት ትርፉ አብሮ እንዳለም አትርሺ። የስፌቱን መስመር ካርቶኑ ላይ ለይተሽ አስምሪ፤ ከእሱ ውጪ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨምሪ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርፍ ይሁን። አንዱ ጋ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ጋ 13 ከሆነ ስትሰፊ ልኩ ይጠፋል።

ጅማ መርካቶ ሌዘር ልትገዢ ስትሄጂ ካርቶኑን ይዘሽ ሂጂ። ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 1.40 ሜትር ገደማ ነው። ካርቶኑን እዚያው ዘርግተሽ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ እዪ። በግምት ስትገዢ ወይ ይተርፍሻል ወይ ያጥርሻል፤ ያጠረ እንደሆነ ደግሞ ቀለሙ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። ሌዘሩን ገልብጠሽ ጀርባውን ተመልከቺ። ጀርባው የተጠለፈ ጨርቅ ያለው ይለጠጣል፣ ማዕዘን ላይ ይታዘዛል። ጀርባው እንደ ወረቀት የሆነው ርካሹ ዓይነት ከታጠፈበት ይሰነጠቃል። አጥፈሽ በጥፍርሽ ተጫኚው፣ ከዚያ ልቀቂው። ነጭ መስመር ከቀረበት ተዪው። በሁለት እጅሽም ወደ ጎንና ወደ ቁመት ሳቢው። በአንዱ አቅጣጫ የበለጠ ይለጠጣል። ያንን አቅጣጫ ለሁሉም ቁራጭ አንድ አድርጊው፤ ለወንበር ወደ ጎን ቢሆን ይሻላል።

ለሶፋ የሚሸጠውን ሌዘር ለባጃጅ ብታውዪው ብዙም አልከራከርሽም። ለዝግ ተሽከርካሪ ግን ለመኪና የተሠራውን ፈልጊ። አንዱ ምክንያት ፀሐይ ነው፤ በጊቤ በረሃ ሲወርዱ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት የሶፋ ሌዘርን ያደርቀዋል። ሌላው እሳት ነው። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት መለኪያ ቁጥር 302 በመኪና ውስጥ ያለ ዕቃ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ ፈጥኖ እንዳይነድ ያዛል። የሶፋ ዕቃ በዚህ አልተፈተነ ይሆናል። ሰው የሚሳፈርበት ነገር ስለሆነ ይህን በቀላሉ አትዪው።

ስፖንጁ ጋ እንሂድ። ያንቺ ባጃጅ ስፖንጅ ውኃ ጠጥቷል። ጨምቀሽ ፀሐይና ነፋስ ባለበት አቁመሽ አድርቂው፤ አታስተኚው። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስድበታል፣ ስለዚህ ከተቻለ በበጋ አውጪው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ልብሱን ካለበስሽው በኋላ ይሸታል፣ ሻጋታ ያወጣል፣ ከሥሩ ያለውን ላሜራም ያዝገዋል። ሰው ከተነሣ በኋላ ተመልሶ የማይነሣ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ስፖንጅ ከሆነ አዲስ ቁረጪ። በሰመጠ ስፖንጅ ላይ አዲስ ልብስ አልብሰሽ ቆንጆ ወንበር አታገኚም። መሃሉ ብቻ ሰምጦ ከሆነ የሰመጠውን በቁራጭ ሞልተሽ፣ ከላይ ቀጭን ስፖንጅ በማስቲሽ ለጥፊበት። ላሜራው ዝገት ካለው በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገሽ አንቲራስት ቀቢው። ይህን ሥራ ደንበኛ አያየውም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

ሽቦ ወይም ስፕሪንግ ያለው ወንበር ሲመጣልሽ፣ ከሽቦውና ከስፖንጁ መሃል ጠንካራ ጨርቅ ይገባል። ያለዚያ ሽቦው ስፖንጁን እየበላ ይወጣል። በሌላ አገር ለዚህ ብለው የጁት ጨርቅ በሜትር ይገዛሉ። አንቺ የቡና ከተማ ውስጥ ነሽ። የተጣለ የቡና ጆንያ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ዙሪያውን አጥፈሽ ብትጠቀሚበት ዕቃው ያው ጁት ነው። የፕላስቲክ ማዳበሪያውን ግን አትጠቀሚ፤ ይንጫጫል፣ ይፈረፈራል።

ስፌቱን ከጫፍ አትጀምሪ። የላይኛውን ቁራጭ ከዙሪያው ጋር ስታገናኚ ከፊቱ መሃል ተነሺ፤ ወደ ግራ ማዕዘን ስፊ። ተመልሰሽ ከዚያው መሃል ወደ ቀኝ። ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ዞረሽ ከመጣሽ፣ የላይኛው ድርብ በየስፌቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ መጨረሻ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይተርፍሻል። ከመሃል ስትነሺ ስሕተቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ምልክቶቹም በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ያርሙሻል። ምልክቱ ከምልክቱ ጋር ካልተገናኘ ቁሚ። ወደ ፊት አትሂጂ።

ማዕዘኑ ላይ ስትደርሺ ዙሪያው ለመዞር ይቸገራል። በትርፉ ላይ በመቀስ አራት አምስት ቦታ ቁረጪለት፤ ቁርጡ ከስፌቱ መስመር 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቁም። መስመሩን ከነካ ውኃ መግቢያ ይሆናል። መርፌውን ሌዘሩ ውስጥ ተክለሽ፣ እግሩን አንሥተሽ፣ ትንሽ አዙሪ። እግሩን አውርደሽ ሁለት ስፌት በእጅ አዙረሽ ሂጂ። እንደገና አንሺ፣ አዙሪ። ይሄ የማይቸኮልበት ቦታ ነው። ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ከወጣልሽ ግማሹን ሙያ ይዘሽዋል ብዬ በሙሉ ልብ እነግርሻለሁ።

ለዝናብ የምልሽ ነገር አለ። ውኃ የሚገባው በሌዘሩ ሳይሆን በስፌቱ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ መቀመጫው ላይ በመሃል የሚያልፍ ጌጥ ስፌት ለባጃጅ አታብዢ። ደንበኛ በሁለት ቀለም የተሰፋ ይፈልግ ይሆናል፣ ያምራልም። ግን ከጎን ዝናብ ለሚመታው ወንበር የላዩ ቁራጭ አንድ ወጥ ሆኖ ስፌቱ ጎን ላይ ቢወርድ ዕድሜ አለው። ከልብሱ ሥር፣ ከስፖንጁ ላይ ፕላስቲክ አልብሺው። ሥሩን ግን ክፍት ተዪው፤ የገባው እርጥበት መውጫ ይፈልጋል።

ስታለብሺው ሌዘሩን ፀሐይ ላይ አሙቂው። ፀሐይ ከሌለ የፀጉር ማድረቂያ ፎን ይሠራል። የሞቀ ሌዘር ይታዘዛል፤ የቀዘቀዘው ይታገላል። መጀመሪያ የፊቱን መሃል፣ ቀጥሎ የኋላውን መሃል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ያዢ። ማዕዘን መጨረሻ ነው። ሥሩ ጣውላ ከሆነ በስቴፕለር ምቺው፤ የስቴፕሉ እግር ከጣውላው ውፍረት ያጠረ መሆኑን አረጋግጪ። ሁሉንም በስስ ያዢና ገልብጠሽ እዪው። ስፌቱ ከጠርዙ ጋር ቀጥ ብሎ ካልሄደ ፍቺና እንደገና ጎትቺ። ካማረልሽ በኋላ ብቻ አጠናክሪው።

ማስቲሽን በተመለከተ አደራ የምልሽ ነገር አለ። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ በጣት ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጋጠማል። የሚወጣው ሽታ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። በር ከፍተሽ ሥሪ፤ ከቻልሽ በረንዳ ላይ። ቡና የሚፈላበት ከሰል በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ዕጣንም እንደዚሁ። ሻማም አይበራ። ልጆች ካሉሽ ቆርቆሮውን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ።

ለመለማመድ ግን በባለቤትሽ ባጃጅ አትጀምሪ። ጋራዥ ሄደሽ የተጣለ ወንበር ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በትንሽ ብር ይሰጡሻል። አንዱን ፈትተሽ፣ ልኩን ወስደሽ፣ በርካሽ ሌዘር መልሰሽ አልብሺው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። ከዚያ በፊትም ክር ሳትገጥሚ ወረቀት ላይ መስመር አስምረሽ በመርፌ ብቻ ተከተዪው፤ ቀጥታውን፣ ክቡን፣ ማዕዘኑን። ቀዳዳው ከመስመሩ ሲወጣ ታዪዋለሽ። እጅሽ እንዲህ ነው የሚፈታው። ከተማው ውስጥ ታፒሰሪ፣ ማለትም የወንበር ልብስ፣ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ቡና ጋብዘሽ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለሽ ብታዪ የሚከለክልሽ ብዙ አይመስለኝም። ስትሄጂ የሚሰፋውን ሰው ሳይሆን ልክ የሚወስደውንና የሚቆርጠውን ሰው እጅ ተመልከቺ።

ትልቁን መኪና የምትገዢው ሲንጀርሽ የማይችለው ሥራ እየደጋገመ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜም ተጠንቀቂ። በልብስ ፋብሪካ የሚታዩት ፈጣን መኪናዎች በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይሄዳሉ፤ የተሠሩት ግን ለሸሚዝና ለሱሪ ነው። «የኢንዱስትሪ ነው» ተብሎ የሚሸጥልሽ ሁሉ ለወንበር አይሆንም። የሚሆንሽ ዎኪንግ ፉት የሚባለው ነው። ከታች ጥርሱ፣ ከላይ እግሩ፣ መሃል መርፌው ሦስቱም አብረው ይራመዳሉ፤ የላይኛው ድርብ ወደ ኋላ አይቀርም። ለምሳሌ ጁኪ ዲኤንዩ 1541 ስፌቱን እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያስረዝማል፣ እግሩንም እስከ 16 ሚሊ ሜትር ያነሣል። ያገለገለ ስትገዢ ሞተሩን እዪ። ሦስት ፌዝ ከሆነ ቤትሽ ባለው ባለ 220 ቮልት መስመር አይሠራም። ሰርቮ የሚባለውን ሞተር ምረጪ፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ልክ እንደ ሲንጀርሽ ቀስ ብለሽ ትሰፊበታለሽ። የድሮው ክላች ሞተር ገና ነካ ስታደርጊው ይፈተለካል። አራት ድርብ ሌዘር ይዘሽ ሂጂና ሻጩ ፊት ስፊበት። ሳትሰፊ እንዳትከፍዪ።

ከባጃጅ ቀጥሎ የሚኒባስ ወንበር ያዢ። መቀመጫው ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ዓይነት ቁራጭ ደጋግመሽ ስለምትቆርጪ እጅሽ ይፈጥናል። አንዱን ካርቶን በደንብ ከሠራሽው ለሌሎቹም ይሆናል። የጋቢናውን ተዪው፤ እሱ ቅርጹ ይከብዳል። ኮሮላና ቪትዝ ከዚያ በኋላ ይምጡ። እነሱ ላይ ልብሱን ከስፖንጁ ጋር የሚይዙ የሽቦ ቀለበቶች አሉ፤ ሰመጥ ሰመጥ ያለው መስመር ሁሉ በእነሱ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ነው። ሁለቱን የፊት ወንበሮች አንድ ላይ አትፍቺ። የሾፌሩን ስትፈቺ ሌላው ሳይነካ ይቁም፤ ግራ ሲገባሽ ሄደሽ ታዪዋለሽ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። አንዳንድ አውቶሞቢል በወንበሩ ጎን ውስጥ ኤርባግ አለው፤ በአደጋ ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት ማለት ነው። በመደገፊያው ውጪኛ ጎን ላይ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ታገኛለሽ፤ ከሥሩም ቢጫ ሶኬት አለ። ያ ኤርባግ በአደጋ ጊዜ የወንበሩን ስፌት ቀዶ ነው የሚወጣው። ፋብሪካው ስፌቱን ለዚያ ብሎ አስልቶ ነው የሠራው። አንቺ በጠንካራ ክር ብትሰፊው፣ ወይም ላዩን በሙሉ ልብስ ብታለብሺው፣ ኤርባጉ በሰዓቱ አይወጣም። ሰው ይጎዳል። ይህን ምልክት ያየሽበትን መደገፊያ አትንኪ። መቀመጫውን ብቻ ሥሪ፣ ለደንበኛውም ምክንያቱን ንገሪው። መቀመጫውን ለማውጣት ሶኬት መንቀል ካስፈለገ መካኒክ ባትሪውን ይፍታ። ቶዮታ ባትሪ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ አብርተሽ አትሞክሪ። የደኅንነት ቀበቶም ተቀዶ ቢመጣልሽ አትስፊው። ሙሉ ቀበቶው ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ስለ ገቢው ጠይቀሻል። መጀመሪያ የምትቀበዪው ሥራ የባጃጅ መቀመጫ ብቻ ይሁን። የሌዘሩንና የስፖንጁን ዋጋ አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ የእጅሽን ሲያልቅ። ባለ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አይችልም፤ ስለዚህ ካርቶኑ ከተሠራ በኋላ ልብሱን አስቀድመሽ ሰፍተሽ ጠብቂው፣ እሱ በመጣ ጊዜ ፈትተሽ ማልበስ ብቻ ይቅርሽ። ከባለቤትሽ ባጃጅ የወሰድሽው ካርቶን ተመሳሳይ ሞዴል ላላቸው ሁሉ መነሻ ይሆናል፣ ግን ወንበሩ በፊት ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሳትለኪ አትቁረጪ። ካርቶኖቹ ላይ የሞዴሉን ስም ጻፊና ግድግዳ ላይ ስቀያቸው። እርጥበት እንዳያጣምማቸው ከመሬት ራቅ ይበሉ።

የሠራሽውን የመጀመሪያውን ወንበር ደግሞ ከክረምቱ በኋላ አስመልሺና ክፈቺው። ስፖንጁ ደረቅ ከሆነ ሁለት ቀለም የሚፈልገውን ደንበኛ ለመቀበል ተዘጋጅተሻል። እርጥብ ከሆነ ውኃው በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ ስፌቱን ተከትለሽ ፈልጊው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማዕዘኑ ጋ፣ መቀስሽ ከ3 ሚሊ ሜትር ያለፈበት ቦታ ላይ ታገኚዋለሽ።